በሰይድ ውስጥ እግር ላይ ያላየሁት

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አዳራሽ ሰብስበው ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ኃላፊውም ከወረቀት ላይ አንድ ገጽ አነበበልኝ። ከዚያ ሁሉ በጆሮዬ የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ሲስተር የሺ በቆዳ ክፍላችን ባገለገለችባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ታካሚ ቅሬታ አቅርቦባት አያውቅም።» ሰው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ።

ዓረፍተ ነገሯ ሐሰት የለባትም። ቅሬታ ያቀረበብኝ የለም። ማቅረብ የነበረበት ሰው ግን አንድ ነበር፤ እሱም ምን እንዳደረግሁበት ሳያውቅ ሞተ። ጭብጨባውን ቁጭ ብዬ የሰማሁት እሱን እያሰብኩ ነው። ቤት ገብቼም ጋቢውን ሳላወልቅ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በነጋታው ነው።

ነርስነት የጀመርኩት አርሲ ውስጥ፣ ከአንዲት የገጠር ክሊኒክ ነው። እዚያ አዋላጅም፣ ከታቢም፣ መድኃኒት አዳይም እኔ ነበርኩ። የቆዳ ሕመም ግን ሁሉንም በአንድ ቅባት ነበር የማክመው። የሚያሳክከውም፣ የሚላላጠውም፣ የነጣውም ያንኑ ይቀባል። የዳነው ይድናል፤ ያልዳነው ተመልሶ አይመጣምና አላውቀውም። ባለቤቴ ቃሊቲ አካባቢ ካለ ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ ዝውውር ጠየቅሁ። ደብዳቤው ሲመጣ ምድቤ «የቆዳ ክፍል» ይላል። ነርሶች እርስ በርስ «የእከክ ክፍል» የምንለው ነበርና፣ ደብዳቤውን ይዤ አለቀስኩ።

ክፍሉ ከካርድ ክፍሉ በስተጀርባ፣ ወደ አጥሩ ተጠግቶ የተሠራ ጠባብ ቤት ነበር። መስኮቱ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተሰቅሏል። ገብቼ «ለምንድን ነው እንዲህ የጨለመው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ከወንበሩ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ተነሡና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ለማየት ነው» አሉኝ።

ጋሼ ቶለሳ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት እዚሁ አቃቂ ነው። ሐኪም አልነበሩም፤ ጤና ረዳት ሆነው ጀምረው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ብዙ ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ቆዳ ማንበብ ላይ ግን ሐኪሞች ራሳቸው ካርድ አስይዘው ሰው ይልኩላቸው ነበር።

ልማዳቸውን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ልቆጥረው እችላለሁ። ማንም ታካሚ ሲገባ በመጀመሪያ ጓንት ሳያጠልቁ ይጨብጡታል። ቆዳው የነጣበት ሰው የሚጨብጠው አጥቶ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ቀጥለው «ዛሬ ጠዋት ምን ተቀባህ?» ይላሉ። ቫዝሊን ከሆነ ያስታጥቡታል። ከዚያ መጋረጃውን ይዘጉና ዝም ብለው በኦሮምኛ እስከ ስድሳ ይቆጥራሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን ታካሚ በዝቶ ነበርና «ጋሼ፣ ሳንቆጥር ብናየው ምን ይለናል?» አልኳቸው።

«ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል» አሉኝ። «ቸኩለሽ ታይና አልታየኝም ብለሽ መብራቱን ትወቅሻለሽ። መብራቱ ግን ጥፋት የለበትም።»

መብራቱ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። በጨለማ ውስጥ ከቆዳው አንድ ስንዝር አርቀው ሲያበሩት፣ በቀን ብርሃን ሁሉም ነጭ የሚመስለው ነገር ይለያያል። ለምጽ ከሆነ እንደ ኖራ ቦግ ይላል፤ ዳሩም በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ቋቁቻ ከሆነ ወደ ወርቅ የሚያደላ ቢጫ ይሆናል። የሥጋ ደዌ የሚያመጣው መገርጣት ግን አይበራም፤ ያን ጊዜ ጋሼ ቶለሳ ጥጥ በቀጭኑ አሹረው፣ የሰውየውን ዓይን አስጨፍነው «ስነካህ በጣትህ አሳየኝ» ይሉታል። ያልታጠበ ቫዝሊን ደግሞ ሰማያዊ ያበራና ያሳስታል። ከነጠላ የወጣች ክር እንኳ ከቆዳ ላይ ካረፈች ታብረቀርቃለች። ይህን ሁሉ ያለ መርፌና ያለ ምላጭ ማወቅ መቻል አስደነቀኝ። የእከክ ክፍል ማለቱን በዚያው ተውኩት።

ብርቄን ያየኋት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ሳሪስ አቦ አካባቢ ካለ ዳቦ ቤት ዳቦ ትሸጥ ነበር። አንገቷና ደረቷ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሲወጣባት ደንበኞች «ለምጻም ዳቦ ታቀርብልናለች» ብለው አጉረመረሙና ባለቤቱ አሰናበታት። ሻርፕ እስከ አገጯ ድረስ ጠምጥማ ነው የገባችው። ጋሼ ቶለሳ መብራቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሰጡኝ። ቆጠርኩ፣ አበራሁ። ከአንገቷ እስከ ጡቷ ድረስ ወርቅ የተነሰነሰባት ይመስል ነበር።

«ለምጽ አይደለም» አልኳት። «ቋቁቻ ነው። ይድናል።»

አላመነችኝም። መስታወት አምጥቼ በሐምራዊው ብርሃን ራሷን አሳየኋት። ያኔ ለቅሶዋ ፈነዳ። መድኃኒቱን ጨርሳ ስትመለስ ቢጫው ጠፍቷል፤ ነጩ ግን ገና አለ። ቆዳ ቀለሙን የሚመልሰው ቀስ ብሎ ነውና ወራት ፈጀ። ሙሉ በሙሉ ሲጠፋላት ደብዳቤ ጽፈን ወደ ዳቦ ቤቱ ላክናት። ባለቤቱ አነበበና «ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ» አላት። ጋሼ ቶለሳ ይህን ስነግራቸው የሚቀጥለውን ካርድ አነሡ።

ማጉያው የመጣው በኋላ ነው። አንዲት የቆዳ ስፔሻሊስት ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር ለጋሼ ቶለሳ ትታላቸው ሄደች። ከእጅ ባትሪ አይበልጥም፤ ጫፉ ላይ ወፍራም መስታወትና በዙሪያው ትናንሽ አምፖሎች አሉት። ቆዳው ላይ ዘይት ጠብ አድርገው ሲያስቀምጡት ከላይኛው ሽፋን ሥር ያለው ቀለም ይታያል። ማድያትን ከክሬም ቃጠሎ፣ ተራ ጥቁር ነጥብን ከክፉው ነቀርሳ ለመለየት ይረዳል። ስልኬን ከመስታወቱ ላይ ገጥሜ ፎቶ ማንሣትም ለመድኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ታካሚ ሲያልቅ ጋሼ ቶለሳ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ።

«ጥቁር ሰው ክፉው ነቀርሳ የሚወጣበት ፀሐይ በሚመታው ቦታ አይደለም» አሉኝ። «ማንም ከማያየው ከውስጥ እግሩ ነው። ነይ እይ።»

ከብዕራቸው ቀለም በጥጥ ነክተው ውስጥ እግራቸውን ቀቡና ወዲያው ጠረጉት። ላዩ ጸዳ፤ ግን ቀጫጭን መስመሮች ቀሩ። ውስጥ እግር እንደ ታረሰ ማሳ ነው፤ ጉብታ አለው፣ በጉብታዎቹ መካከልም ቦይ አለ። ቀለሙ የሚቀረው ቦዩ ውስጥ ነው።

«አሁን ቦዩን ለይተሻል። ሰውየው ላይ የበቀለው ጥቁር ነገር ቀለሙ ካለበት ቦይ ውስጥ ከተኛ፣ ደኅና ነው፣ ይሂድ። ጉብታው ላይ ከወጣ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ላኪው። ሌላም ምልክት አለው። በማጉያው እንደ ጨው የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች ይታዩሻል? የላብ ቀዳዳዎች ናቸው። እነሱ ሁልጊዜ ጉብታ ላይ ናቸው። ጥቁሩ ላይ ካየሻቸው ጥቁሩ ጉብታ ላይ ነው ማለት ነው።»

«ታዲያ ነጥቦቹን ካየሁ ቀለሙ ለምን ያስፈልገኛል?»

«ለእኔ ያስፈልገኛል። ላንቺም ያስፈልግሽ። በተለይ ስትቸኩዪ።»

ጡረታ ሲወጡ አንድ ጠርሙስ ቀለም ገዝተው መሳቢያው ውስጥ አስቀመጡልኝ። ክፍሉ የእኔ ሆነ።

ሰይድ የወሎ ሰው ነበር፤ የተሳቢ ሹፌር፣ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ። ከሚስቱ ከከድጃ ጋር ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እሷ እስረኛ ሊጠይቁ ለሚመጡ ሰዎች ሳሙናና ብስኩት የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ወደ እኔ የመጡት ለልጃቸው ለሰሚራ ነው። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከንፈሯ ዳርና ዓይኗ ቆብ ላይ ለምጽ ጀምሯት ነበር። በየወሩ በመብራቱ ዳሩን እያየሁ፣ ሰፋ ወይስ ጠበበ እያልኩ እመዘግባለሁ። ፎቶው ሁልጊዜ ከእኩል ርቀት እንዲነሣ ከስልኬ ላይ ክር አስሬ ነበር፤ ሰሚራ የክሩን ጫፍ አገጯ ላይ ይዛ «ደረሰ!» ትላለች። ያንን ሥራ ማንም እንዲወስድባት አትፈልግም።

ሰይድ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እሱ ነበር የሚያመጣት። «ወላሂ ሲስተር፣ ጅቡቲ አድሬ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ከንፈሯን ነው» ይለኝ ነበር። በዓመቱ የአንዱ ዓይኗ ቆብ ቀለም መመለስ ጀመረ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳሳየው ስልኬን ግንባሩ ላይ አስነካው።

ያ ቀን ሰኞ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሐምራዊውን መጠቀም አልቻልኩም። ከውጭ ወረፋው እስከ አጥሩ ደርሷል። ከሰዓት ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ መዝገብ አስተካክሉ ተብለናል። ሰሚራን አይቼ ጨርሼ የሚቀጥለውን ልጠራ ስል፣ ሰይድ ከበሩ ተመለሰ።

«ሲስተር፣ አንዲት ነገር። ፍሪሲዮን በምረግጥበት እግሬ ሥር ጥቁር ነገር አለች። አታመኝም። ከድጃ ናት አሳይ ያለችኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ። ሹፌር እግሩን መቼ ያያል?»

ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ከተረከዙ ፊት ለፊት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ቡናማ ነገር። እግሩ አቧራና ላብ ነበረበት። በአልኮል ጠረግ አደረግሁት። ማጉያውን ሳስቀምጠው ባትሪው ደክሞ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ትይዩ መስመሮች አየሁ። ትይዩ መስመር ደግሞ በየዕለቱ የማየው የደኅናው መልክ ነው። መሳቢያው ከጉልበቴ አጠገብ ነበር። ቀለሙ ውስጡ ነበር። ቀለም ብቀባው እግሩን ማስታጠብ አለብኝ፣ ውኃ ደግሞ ከግቢው ቧንቧ ነው የሚቀዳው፤ ይህን ማሰቤን አስታውሳለሁ። እንደ ልማዴ ግን ፎቶ አነሣሁ።

«የተፈጥሮ ምልክት ነው» አልኩት። «አያሰጋም።»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺ ልጄን ብቻ አድኚልኝ፤ የእኔ እግር ለመኪና ነው» አለና ሳቀ። ሰሚራን በእጁ ይዞ ወጣ። ከገባበት እስከወጣበት አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ልጅቷን የምታመጣት ከድጃ ሆነች። ሰይድ በመንገድ ነው ትለኛለች። ስለ እግሩ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሷም አላነሣች። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና ሰይድ በከድጃ ትከሻ ተደግፎ እያነከሰ ገባ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎታል።

ጨርቁን ስፈታው ጥቁሩ ተሰንጥቆ ቁስል ሆኗል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ጥቁር ነገር ወደ ጣቶቹ ተዘርግቷል። ብሽሽቱን ዳሰስኩ። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ንፍፊት በእጄ ገባ። ለሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ቀደድኩት።

ሆስፒታል ናሙና ወሰዱ። ክፉው ነቀርሳ ነበር፤ እስከ ሳንባው ደርሷል። እግሩን መቁረጥ እንኳ ጥቅም የለውም ተባለ።

ያንን የሰማሁ ቀን ቤቴ ገብቼ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ፈለግሁ። አገኘሁት። በደከመው ባትሪ ቢነሣም ግልጽ ነበር። አሰፋሁት። ነጫጮቹ ነጥቦች በሙሉ ጥቁሮቹ መስመሮች ላይ ተሰልፈዋል። ከመስመሮቹ አንድም ቦይ ውስጥ የተኛ የለም። ስልኬን ብዙ ጊዜ አዟዟርኩት፤ ሌላ ነገር ይታየኝ እንደሆነ። አልታየኝም።

በማግስቱ ጋሼ ቶለሳ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱት። አንገታቸውን ሳያቀኑ ብዙ ቆዩ።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«አምና... አይ፣ ካቻምና መጨረሻ ላይ።»

«ቀለም ነበረሽ?»

«ነበረኝ።»

ስልኩን መለሱልኝ። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት እያልኩ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ንገሪው» አሉኝ። «ሰውየው በሕይወት እያለ ንገሪው።»

ለጣቢያው ኃላፊም ነግሬው ነበር፤ የዛሬው ሳይሆን የዚያን ጊዜው። በሩን ዘጋና «ሲስተር፣ ያኔም ቢሆን የሚድን እንደነበር በምን ታውቂያለሽ? ካርዱ ላይ የሌለ ነገር አትጻፊ» አለኝ። ካርዱን አየሁት። በዚያ ሰኞ ለሰይድ ካርድ እንኳ አላወጣሁለትም ነበር። የሰሚራ ብቻ ነበር የወጣው።

ሰይድ ቤት የሄድኩት ልነግረው ቆርጬ ነው። ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ካለችው ሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል ቤት። ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ከድጃ ከጎኑ ተቀምጣለች። ሳየው ፈገግ አለና ሰሚራን «ለሲስተር ወንበር አምጪ» አላት። ተቀመጥኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ ቀደመኝ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ያኔ አይተሽልኝ አልነበር? ያኔ ይሄ አልነበረም፣ አይደል? በኋላ የመጣ ነው?»

ከድጃም ቀና ብላ አየችኝ። ሰሚራ በሩ ላይ ቆማለች።

«አዎ» አልኩት። «በኋላ የመጣ ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ይኸው» አለ ለከድጃ። «እሷማ አይታልኝ ነበር። ሲብስብኝ አለመመለሴ ነው። የእኔ ጥፋት ነው።»

ሁለት ጊዜ ልናገር ቃጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም አልኩ። በእጁ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አልቆየም። ቀብሩ ላይ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር። ከድጃ ሰሚራን ወደ ክሊኒኩ አላመጣቻትም። የልጅቷ ካርድ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

ጋሼ ቶለሳ «ነገርሽው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ነገርኩት» ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸውም በዚያው ዓመት አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ቀለም ሳልቀባ ያየሁት እግር የለም። ለፊት ማድያት የመጣችውን ሴት ሳይቀር ጫማሽን አውልቂ እል ነበር። ነርሶች «የሲስተር የሺ ቀለም» እያሉ ይስቁ ነበር። በዓመታት ውስጥ ጉብታ ላይ የወጣ ያገኘሁት ሁለት ሰው ላይ ነው። አንደኛው ዘግይቶ የመጣ ነበር። ሁለተኛዋ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ ገና ትንሽ ነበረ፣ ይድን ነበር። ሆስፒታሉ የእግር ጣትሽ ይቆረጥ ሲላት ፈርታ ጠፋች። ስልኳ ላይ ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ቁጥሩን ቀየረችው። አንድ ሰው ባድን ይቀልለኝ ይሆን እያልኩ ነበር፤ እሱንም አላየሁም።

ክፍሉም ቀስ በቀስ አለቀ። የሐምራዊው መብራት አምፖል ተቃጠለ፤ ምትክ ጠይቄ ጠይቄ ሰለቸኝ። ማጉያው ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። መጋረጃው ለሌላ ክፍል ተወሰደ። ዕቃ ሳስረክብ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ከሁሉም አጠገብ «አገልግሎት የማይሰጥ» እያለ ጻፈ።

የተካኝ ነርስ ናትናኤል ይባላል። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጨዋ፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነው። «አይዞሽ ሲስተር፣ አሁን መሣሪያም ብዙ አያስፈልግም» አለኝና ስልኩን አሳየኝ። ፎቶ ሲነሣ የቆዳውን ሕመም ስም የሚናገር ፕሮግራም ጭኖበታል። የአንዲት ታካሚ ክንድ ላይ ሞከረው፤ በትክክል ቋቁቻ አለ። እኔም «እስቲ ይቺን እይልኝ» ብዬ ያንን ፎቶ ላክሁለት። የማን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ስልኩ ትንሽ አሰበና አረንጓዴ ምልክት አወጣ።

«ደኅና ነው ይላል» አለኝ ናትናኤል። «አያሰጋም።»

እኔ የተናገርኳት ቃል ናት። ናትናኤልን አስቀምጬ ነጥቦቹን አሳየሁት፣ ስለ ቦዩና ስለ ጉብታው ነገርኩት፣ የቀለሙን ጠርሙስ ሰጠሁት። በአክብሮት አዳመጠኝ። ከበሩ ስወጣ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ፣ ከደረቁ እስክርቢቶዎች ጎን ሲያስቀምጠው አየሁ። የሰይድ ነገር ከእኔ ጋር እንደሚጠፋ ያወቅሁት ያኔ ነው። ማንም አልጻፈውም፤ ጋሼ ቶለሳ የሉም፣ የዚያን ጊዜው ኃላፊም ሄዷል፤ የሚያውቀው ሰው የለም።

ከድጃን ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብኝ። ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ያሉ ባለሱቆች ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መግባቷን ነገሩኝ። አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ፤ ብሎኩን ጠይቄ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈተችልኝ ሰሚራ ናት። ትልቅ ሴት ሆናለች። ለምጹ ከዓይኖቿ ዙሪያ እስከ አንገቷ ወርዷል፤ እጆቿም ነጥተዋል። ወዲያው አወቀችኝ፤ ግን ስሜን አልጠራችም።

ከድጃ ደስ ብሏት አቀፈችኝ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ አውቶቡሱ አወራችኝ። ውኃ አቀረበችልኝ። አልጠጣሁም።

«ከድጃ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሰኞው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፎቶው። ሰይድ ሲጠይቀኝ ስለዋሸሁት ውሸት። በነገርኳት ቁጥር ፊቷ እየተዘጋ ሄደ። ሰሚራ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

«እግርህን አሳያት ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ» አለች ከድጃ። «ከዚያ አያሰጋም ብላኛለች ሲለኝ ተውኩት። ሲያነክስ እያየሁ ተውኩት። እሱ ‹የእኔ ጥፋት ነው› እያለ ሞተ። እኔ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሶላት ላይ ቆሜ እንኳ፣ ለምን እየጎተትኩ መልሼ አልወሰድኩትም እላለሁ። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ስኖር አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ቤቴ መጥተሽ፣ እጁን ጨብጠሽ።»

«አዎ።»

«ይቅር በይኝ ልትዪኝ ነው?»

ልላት ነበር የመጣሁት። አሁን ግን አልወጣ አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይደለም ማለቴ ይሁን ነው ማለቴ ለራሴም አልገባኝም።

«ፎቶውን አሳይኝ» አለች።

ስልኬን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ አየችው። የባሏ እግር መሆኑን ስታውቅ ከንፈሯን ነከሰች።

«የቱ ጋ ነው?»

ጎንበስ ብዬ በጣቴ አሳየኋት። «ይሄ ጥቁር መስመር ይታይሻል? እላዩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች አሉ፣ ጨው የመሰሉ።»

«እነዚህ?»

«እነሱ።»

«ጥቁሩ ላይ ናቸው።»

«አዎ።»

«ጥቁሩ ላይ ከሆኑ ደግሞ ክፉው ነው።»

«አዎ።»

ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ፊደል ያልቆጠርኩት ሴት አየሁት» አለች። «እኔ እንኳ አየሁት፣ ሲስተር።»

ሰሚራ ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ።